ፒኤችዲሽ ዋርድሽ ውስጥ ነው

ሰላም ሲስተር፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ደሴ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ዋርድ 9 ዓመት ሠርተሻል። ማስተርስሽን ይዘሻል፣ ሁለት ልጆችም አሉሽ። «የነርሲንግ ፒኤችዲ ደረጃው ምን ምን ነው? ቤትና ናይት ዲውቲ ይዤስ እጨርሰዋለሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አብሽሪ፣ ይቻላል። ግን ከባዱ ቦታ የት እንደሆነ አስቀድመሽ እወቂ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ፒኤችዲ የምርምር ዲግሪ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዲኤንፒ የሚባል ሌላ የነርሲንግ ዶክትሬት አለ። እሱ ለሕክምና ሥራው ነው፤ ማብቂያውም በአብዛኛው የአሠራር ማሻሻያ ፕሮጀክት ነው። ኢንተርኔት ላይ ሁለቱ ተደባልቀው ስለሚገኙ እንዳትደናገሪ። እኛ አገር፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የሚሰጠው ፒኤችዲ ነው። የሚወስድሽም ወደ ማስተማርና ወደ ምርምር ነው። ልብሽ ያለው በሽተኛው አልጋ አጠገብ ብቻ ከሆነ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ መንገድ ከዚያ ያርቅሻል።

ቅደም ተከተሉ ብዙም አይከብድም። የመግቢያ ፈተና፣ ኮንሰፕት ኖት (የምርምር ሐሳብሽን ባጭሩ የምትጽፊበት) እና ቃለ መጠይቅ አለ። ከዚያ ኮርስ ትወስጃለሽ፦ የነርሲንግ ቲዎሪ፣ ባዮስታትስቲክስ (የጤና ስታትስቲክስ)፣ የምርምር ዘዴ። ኮርሶቹን ባንድ ላይ የሚያይ ኮምፕሬሄንሲቭ ፈተና የሚሰጡም አሉ። ቀጥሎ ፕሮፖዛል (የምርምር ዕቅድ) ጽፈሽ ፈታኞች ፊት ዲፌንድ ታደርጊያለሽ፣ ኢቲካል ክሊራንስ (የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ) ታወጫለሽ፣ ዳታ ትሰበስቢያለሽ፣ ታሳትሚያለሽ፣ ዲሰርቴሽንሽን (የመመረቂያ ጽሑፍሽን) ጽፈሽ ፈታኞች ፊት ትቀርቢያለሽ። በወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ 4 ዓመት ነው። ከዚያ የሚያልፍበት ሰው ግን ብዙ ነው።

ሰዉ የሚፈራው ፈተናውን ነው። እኔ ያማከርኳቸው ግን የቆሙት ኮርሱ ካለቀ በኋላ ነው። ክፍል የለም፣ ፈተና የለም፣ «የት ደረስሽ?» የሚልሽም የለም። ዛሬ ልጅ ያተኩሰዋል፣ ነገ ተረኛ ነሽ። ሳይታወቅሽ ዓመት ያልፋል። በዚያ ጊዜ ወደ ወረቀቱ የሚመልስሽ እንቅልፍ የሚነሳሽ ጥያቄ ብቻ ነው።

ያንን ጥያቄ አንቺ ራስሽ ጽፈሽልኛል። ከደላንታ የመጣ በሽተኛ ተሻለው ተብሎ ወጣ፤ በሁለተኛው ሳምንት ቁስሉ አመርቅዞ ተመለሰ። «ቤት ያስታመመው ልጁ ነው። ቁስሉ እንዴት እንደሚጠረግ ግን ማንም አላሳየውም» ብለሻል። ሲስተር፣ ፒኤችዲሽ እኮ ይሄ ነው! ዋርዶቻችን ውስጥ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው አስታማሚው ነው። ቤት ሲገባ ደግሞ ነርሱም እሱ ነው።

«የቁስል እንክብካቤ በኢትዮጵያ» ብለሽ ብትሄጂ አድቫይዘርሽ (የምርምር አማካሪሽ) ይመልስብሻል፣ ሰፊ ነውና። «አስታማሚው ከመውጣቱ በፊት በእጁ እየሠራ ቢለማመድ፣ በ30 ቀን ውስጥ የቁስል ኢንፌክሽን ይቀንሳል ወይ?» ብትይ ግን ሥራ ጀመርሽ። 30 ቀን ያልኩሽ የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን በአብዛኛው የሚቆጠርበት ጊዜ ስለሆነ ነው። ከዚህ ጥያቄ ሦስት ጥናት ይወጣል። መጀመሪያ አስታማሚዎቹን ቁጭ ብለሽ ታዳምጫለሽ። ከሰማሽው ተነስተሽ ሥልጠናውን ታዘጋጃለሽ። በመጨረሻ ሥልጠናውን ያገኙትንና ያላገኙትን ታወዳድሪያለሽ።

ኢቲካል ክሊራንሱን እንደ ማኅተም ጉዳይ አትዪው። ነጭ ጋዋን ለብሰሽ «ይሳተፋሉ?» ብትያቸው፣ ከወሎ ቦረና የመጡ እናት «እሺ ልጄ» ነው የሚሉሽ። ይህ ይሉኝታ ሊሆን ይችላል። እምቢ ቢሉ ሕክምናቸው እንደማይጓደል ከልባቸው ማመን አለባቸው። ስለዚህ የሚጠይቃቸው እሳቸውን የማያክም ሌላ ሰው ይሁን፣ ጋዋንም አይልበስ። ቋንቋም አለ። ከከሚሴ በኩል ለመጣው ኦሮምኛ፣ ከአፋር ለመጣው አፋርኛ ሊያስፈልግሽ ነው። መጠይቁን አንድ ሰው ይተርጉመው፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰው፣ ከዚያ ሁለቱን አስተያዪ። የዚህን ወጪ ፕሮፖዛሉ ላይ ካሁኑ አስገቢ።

አድቫይዘር ስትመርጪ በስሙ አትማረኪ። ያነበበልሽን በስንት ጊዜ እንደሚመልስ ተማሪዎቹን ጠይቂ። አንዷ የማውቃት አድቫይዘሯ ውጭ አገር ሄዶባት ዓመት ሙሉ ባክኖባታል። ሁለተኛ አድቫይዘር ከመነሻው ይኑርሽ። «ክፈዪን፣ በሳምንት እናወጣልሻለን» የሚል ጆርናል ኢሜይል ቢልክልሽ መልስ አትስጪ። ከመጨረሻው ዲፌንስ በኋላም እርማት አይቀርም፤ ለእሱ አንድ ሁለት ወር ተዪ።

አሁን ወደ ቤትሽ ልምጣ። መሥሪያ ቤትሽ ስፖንሰር ከሆነሽ ከመፈረምሽ በፊት ውሉን አንብቢ፤ ተመልሰሽ ስንት ዓመት እንደምታገለግዪ እዚያ ላይ ተጽፏል። ከባለቤትሽ ጋር ስለ ኮርሱ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ስለዚያ ጠያቂ ስለሌለው ዓመትም ተነጋገሩ። በሳምንት ሁለት ምሽት ልጆቹን ማን እንደሚይዝ ካሁኑ ይታወቅ። ከሜትሮኗ (ከነርሶች ኃላፊዋ) ጋር ስለ ናይት ዲውቲው የምታወሪው ደግሞ ለመግቢያ ፈተናው ከመመዝገብሽ በፊት ይሁን። የሚቀጥለው ወር የተረኛ ፕሮግራም ሳይወጣ ሂጂና አናግሪያት።