ዲስኩን የሚጠብቅና ዲስኩን የሚፍቅ ማሸጊያ፦ የፊልም ሰብሳቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች የዲቪዲ፣ የብሉሬይና የ4ኬ ፊልሞችን ማሸጊያ ይመለከታሉ። ግማሾቹ ስለ መልክ ያነሣሉ፣ ግማሾቹ ስለ ጭረት። እኛ ሁለቱን ለያይተን አናይም። ማሸጊያው ቢያምር እሰየው ነው፤ ዲስኩን በሰላም አውጥተን በሰላም የማንመልስበት ከሆነ ግን የቱንም ያህል ቢያጌጥ ጥሩ ብለን አንጠራውም።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ባለ 12 ዲስክ ስብስብ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ነው። እያንዳንዱ የካርቶን ገጽ ኪስ አለው፤ ዲስኩ ጥብቅ ብሎ ስለገባ ባወጣሁት ቁጥር ይጫጫራል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሰብሳቢዎች አምርረው ከሚጠሏቸው ማሸጊያዎች አንዱ ይህ ነው፤ እኛም ከእነሱ ጋር ነን። ዲዛይነሮች የሚወዱት ቀጭን ስለሆነና ሥዕሉን የሚያቋርጥ ፕላስቲክ ስለሌለው ነው። ካርቶን ግን ለእጅ ይለስልስ እንጂ ሲቆረጥ ብናኝ ይተዋል፤ ብናኙ ኪሱ ውስጥ ይቀርና ዲስኩ በተጎተተ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ከኪሱ መጋጠሚያ ሾልኮ የወጣ ሙጫ ካለ ደግሞ ጠርዙ ላይ ደመና የመሰለ እድፍ ያትምበታል።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ማሸጊያውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው አይጎትቱ። አቁመው ይያዙትና የኪሱን የላይና የታች ጠርዝ በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ቀስ አድርገው ያቀራርቡ፤ አፉ ጎበጥ ብሎ ይከፈታል። ያን ጊዜ ወደ መዳፍዎ ያዘንብሉት፣ ዲስኩ በራሱ ክብደት ይምጣ። ብቅ ሲል ጠርዙንና የመሃሉን ቀዳዳ ብቻ ይያዙ። የሚያብረቀርቀውን ፊት በጣት ቆንጥጦ መሳብ ብናኙን ዲስኩ ላይ መጫን ነው። የቆሸሸውን ሲጠርጉም ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ይጥረጉ እንጂ ክቡን ተከትለው አይዙሩ። መረጃው የተጻፈው በክብ መስመር ነው። መስመሩን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን ጭረት ብዙውን ጊዜ በማጫወቻው የስሕተት ማረሚያ ይታለፋል፤ መስመሩን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ግን ረጅም ተከታታይ መረጃ ይጋርዳል።

ዘላቂው መፍትሔ ዲስኮቹን ከዚያ ማውጣት ነው። እያንዳንዳቸው 6 ዲስክ የሚይዙ ሁለት የፕላስቲክ ኬዞች ይበቁዎታል፤ ካርቶኑ እንደ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ። ቀጭን የውስጥ ከረጢት አልብሰው ወደዚያው ኪስ የሚመልሱ አሉ፤ ያ የሚሠራው ለልቅ ኪስ ነው፣ ጥብቁን ያባብሰዋል።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ኬዝ ዲስኩን አልለቅም ይላል። በኃይል ስስበው የሚሰበር እየመሰለኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ልክ ነው። ዲስኩን ከጠርዙ ይዘው ሲስቡት እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ ጫናው ሁሉ የሚያርፈው 15 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ ዙሪያ ላይ ነው። እዚያ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትጀምራለች፤ ዲስኩ ማጫወቻ ውስጥ በፍጥነት ሲሽከረከር እየሰፋች ትሄዳለች። የዲስኩ መረጃ የሚጀምረው ከመሃል በኩል ስለሆነ፣ ስንጥቁ እዚያ ከደረሰ ማጫወቻው ምን ዲስክ እንደገባለት እንኳ መለየት ያቅተዋል። ዲቪዲ ደግሞ 0.6 ሚሊሜትር ውፍረት ካላቸው ሁለት ገጾች ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ ደጋግሞ ማጉበጥ ማጣበቂያውንም ያደክመዋል።

ኬዙን ደልዳላ ቦታ ላይ ያስቀምጡ። በአንድ እጅ አውራ ጣት የመሃሉን ቁልፍ እስኪሰምጥ ይጫኑ፤ በሌላው እጅ ዲስኩን ከሁለት ተቃራኒ ጠርዞች እኩል ያንሡት። ጥርሶቹ ሲሰበሰቡ ዲስኩ ያለ ትግል ይነሣል። ከወጣ በኋላ ብርሃን ላይ አዘንብለው የቀዳዳውን ዙሪያ ይመልከቱ፤ አጭር የብር ክር የመሰለ መስመር ካዩ ስንጥቅ ነው፤ ፊልሙ ሌላ ቅጂ ከሌለው ሳይውሉ ሳያድሩ መረጃውን ያውጡ።

ጥርሱ አሁንም ካልለቀቀ ኬዙን ይቀይሩ። የተለመደው የዲቪዲ ኬዝ 14 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ 273 በ183 ሚሊሜትር የሆነው የሽፋን ወረቀት ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል። የብሉሬይ ኬዝ ግን ውፍረቱ አንድ ወጥ ስላልሆነ፣ ከመግዛትዎ በፊት የወረቀቱን የጎን ስፋት በማስመሪያ ይለኩ። ሁለት ሚሊሜትር ልዩነት የፊልሙን ርዕስ ወደ ፊት ሽፋኑ ያዞረዋል።

ጥያቄ፦ ስቲልቡክ የሚባለው የብረት ኬዝ እውነት ከተራው ፕላስቲክ ይበልጣል?

መልስ፦ በመልክ ሊበልጥ ይችላል፤ በጥበቃ አይበልጥም። ስቲልቡክ የዴንማርኩ ስካናቮ ኩባንያ የንግድ ስም ነው፤ ሌሎችም ተመሳሳይ የብረት ኬዝ ይሠራሉ። ሥዕሉ የሚታተመው በቀጥታ ብረቱ ላይ ስለሆነ ከፊት በጎን በኩል አልፎ እስከ ኋላ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ከቀለሙ ሥር ነጭ መደብ ያልተቀባበት ቦታ ላይ ብረቱ በቀለሙ ውስጥ ያበራል። ይህን የሚያውቅ ዲዛይነር የጨረቃን ብርሃን ወይም የሰይፍን ስለት ለብረቱ ይተውለታል፤ የማያውቀው የወረቀቱን ሽፋን እንዳለ ወስዶ ይለጥፈዋል። የመጀመሪያውን ዓይነት ከልብ እንወዳለን። ለሁለተኛው ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። ፕላስቲክ ኬዝ ሲሰበር በሌላ ይተካል፤ የተጨረመተ ብረት ግን አይተካም። ከውስጥ ገፍተው ሊያቃኑት አይሞክሩ፤ ከኋላው የፕላስቲክ መደብ አለ፣ ቀለሙም እጥፉ ላይ ይሰነጠቃል። ቀለም የተፋቀበት ጠርዝ እርጥበት ካገኘ ይዝጋል። ሲረከቡ ማሸጊያውን ሳይከፍቱ በቀስታ ነቅነቅ ያድርጉት፤ ከተንኳኳ ዲስኩ ከጥርሱ ወልቆ እየተንከባለለ ነው። ከዚያ አምፖል ሥር አዘንብለው ብረቱ ላይ የሚታየውን የብርሃን መስመር በዓይንዎ ይከተሉ፤ መስመሩ የሚወላገድበት ቦታ ላይ ጭርምት አለ።

ከኋላው በሙጫ ነጥብ የተያዘውን የመረጃ ወረቀት አይጣሉት። የፊልሙ ርዝመት፣ የምስሉ ስፋት፣ የድምፁ ዓይነት፣ የዲስኩ ቀጠና (በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ) ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ፀጉር ማድረቂያ በትንሽ ሙቀት አስጠግተው ሙጫውን ካለሰለሱ በኋላ ያላቅቁት፣ የቀረውን ሙጫ በጣት እያሹ ያንከባልሉት፣ ወረቀቱን ከኬዙ ጋር አብረው ያኑሩ።

ጥያቄ፦ የድሮውን ፖስተር ትተው አዲስ ሥዕል የሚያሠሩ አሳታሚዎች ያናድዱኛል። ፖስተሩ ምን ጎደለው?

መልስ፦ አንዳንዴ ንዴትዎ ልክ ነው፣ በተለይ አዲሱ ሥራ የተዋናዮችን ጭንቅላት ቆርጦ ሰማይ ላይ የሚበትን ሲሆን። ነገር ግን ፖስተሩ እንዳለ የማይገባበት ምክንያት አለ፤ ልኬቱ ነው። የተለመደው የአሜሪካ ፖስተር 27 በ40 ኢንች ሲሆን ቁመቱ ከወርዱ 1.48 እጥፍ ነው። የዲቪዲ ፊት 1.4 እጥፍ ገደማ ስለሆነ ከላይና ከታች ትንሽ ተከርክሞ ይገባል። የብሉሬይ ፊት ግን ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጠው በአንድ ስድስተኛ ገደማ ነው፤ ወደ ካሬ ይጠጋል። ረጅሙ የቪኤችኤስ (የድሮው ቪዲዮ ካሴት) ካርቶን 1.8 እጥፍ፣ የሌዘርዲስክ ሽፋን ደግሞ ሙሉ ካሬ ነበር። ስለዚህ ለአንዱ የተሣለ ሥዕል ለሌላው ሲዘዋወር ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ይሳባል፣ ወይ ዙሪያው በባዶ ቀለም ይሞላል።

ለእኛ የሚበጀው በሁለት ወገን የታተመ ሽፋን ነው፤ በአንዱ ወገን አዲሱ ሥዕል፣ በሌላው በጥንቃቄ የተከረከመ የድሮ ፖስተር። ወጪው የአንድ ወገን ተጨማሪ ኅትመት ነው፣ ሁሉም ሰብሳቢ ደግሞ የፈለገውን ያገኛል። አዲስ ሥዕል ሲመዝኑ ከሦስት ሜትር ርቀው ይዩት። ሳሎን መደርደሪያ ላይ የሚታየው በዚያ ርቀት ነው፤ ርዕሱ ካልተነበበ ወይም ሥዕሉ ጭጋግ ከሆነ ለስክሪን እንጂ ለመደርደሪያ አልተሠራም።

ጥያቄ፦ የጀርመን ቅጂዎች ፊት ላይ ያ ትልቅ ባለ ቀለም የዕድሜ ምልክት ለምን ይለጠፋል? ማስወገጃ አለው?

መልስ፦ የወጣቶች ጥበቃ ሕጋቸው ነው የሚያስገድደው። ምልክቱ በፊት ሽፋኑ ግራ ግርጌ ቢያንስ 1,200 ካሬ ሚሊሜትር፣ ዲስኩ ላይ ደግሞ ቢያንስ 250 ካሬ ሚሊሜትር መያዝ አለበት። 1,200 ማለት በየጎኑ ወደ 35 ሚሊሜትር የሚጠጋ ካሬ ነው፤ ሥዕሉ ላይ መታየቱ አይቀርም። ብዙ የጀርመን አሳታሚዎች ምልክት የሌለበትን ሽፋን በወረቀቱ ጀርባ የሚያትሙት ለዚህ ነው።

ለመገልበጥ ኬዙን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ወረቀቱን ከላይ በኩል ይሳቡ። ፕላስቲኩ ከወረቀቱ ጋር ከተጣበቀ አይንጩት፤ ንጹሕ ነጭ ወረቀት በመሃላቸው አስገብተው ያላቅቁ። ሲመልሱ የጎኑ እጥፍ ከኬዙ ጎን ጋር መግጠሙን ሳይዘጉ ያረጋግጡ፤ ተዛንፎ ከተዘጋ አዲስ እጥፍ ይፈጠራል፣ ያ አይጠፋም። ፕላስቲክ ለመቆጠብ ተብሎ ፊትና ኋላው የተቦረቦረ ኬዝ ከሆነ ወረቀቱ በጣት ተጭኖ ስለሚጎደጉድ፣ በዚያው አጋጣሚ ወዳልተቦረቦረ ኬዝ ያዛውሩት።

ጥያቄ፦ ስሊፕከቨሩ (ኬዙ ላይ የሚለበሰው የካርቶን ሽፋን) ላይ የተለጠፈ ተለጣፊ ወረቀት ስልጥ የሥዕሉን ቀለም ይዞብኝ ተነሣ። የት ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ በቀዝቃዛው ስለላጡት ነው። ፀጉር ማድረቂያውን በትንሽ ሙቀት ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር አርቀው ለ30 ሰከንድ ያህል እያንቀሳቀሱ ያሙቁ። ከዚያ አንዱን ጫፍ በጥፍር አንሥተው ወደ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ እንዲታጠፍ አድርገው እየሳቡ ይላጡ፤ ከካርቶኑ ጋር ተኝቶ ሲሄድ ቀለሙን አያነሣም። ሙጫ ከቀረ ሌላ የሚጣበቅ ፕላስተር በላዩ እየነኩ ያንሡት። እምቢ ካለ ማድረቂያውን ነቅለው፣ እሳት በሌለበትና አየር በሚገባበት ቦታ፣ የጥጥ ጫፍ በላይተር ቤንዚን እርጥብ አድርገው ይሞክሩ፤ መጀመሪያ ግን ውስጠኛው እጥፍ ላይ ይፈትኑት። ላዩ በቀጭን ፕላስቲክ ያልተሸፈነ ጥሬ ካርቶን ከሆነ ፈሳሽ አያስነኩት፣ እድፍ ይዞ ይቀራል።

በነገራችን ላይ አዲስ ፊልም የታሸገበትን ላስቲክ በምላጭ ከፊት ወይም ከጎን የሚቀድ ሰው ብዙ ካርቶን አበላሽቷል። ስሊፕከቨር ከላይና ከታች ክፍት ነው፤ እዚያ ላይ ከላስቲኩ ሥር ያለው የኬዙ ፕላስቲክ ስለሆነ በዚያ በኩል ይቅደዱት።

ጥያቄ፦ መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ፊልሞች ጎናቸው ሁሉ ሰማያዊ እየሆነ ነው። እርጥበት ነው?

መልስ፦ የፀሐይ ብርሃን ነው። በአራት ቀለም ኅትመት ቢጫውና ቀዩ ቶሎ ይለቃሉ፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቆያሉ። የለቀቀው አይመለስም። መደርደሪያውን ከመስኮቱ ፊት ያንሡ ወይም መጋረጃ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የጎን ጽሑፍ አንዱ ከላይ ወደ ታች፣ ሌላው ከታች ወደ ላይ የሚሄደው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የአገር ልማድ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከላይ ወደ ታች ይጽፋሉ፤ የፈረንሳይ ልማድ ከታች ወደ ላይ ነው። የሚያበሳጨን በአንድ ተከታታይ ስብስብ መሃል አቅጣጫውን፣ የአርማውን ቦታ ወይም የፊደሉን መጠን የሚቀይር አሳታሚ ነው። አምስት ክፍል ጎን ለጎን አሰልፎ የገዛ ሰው ስድስተኛው ሲለይበት ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ ስሊፕከቨሮቼን በፕላስቲክ መከላከያ ልሸፍን አስቤያለሁ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ፒቪሲ አይግዙ። እንዲለሰልስ የተጨመረበት ኬሚካል ቀስ በቀስ ይወጣና ከኅትመቱ ቀለም ጋር ይጣበቃል፤ የሚያውቁበት ምልክት ጠንከር ያለ ሽታውና የሚያጣብቅ ገጹ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፔት የሚል ይምረጡ። ለካርቶን ቀጭኑ ይበቃል፤ ለስቲልቡክና ለትልልቅ ሣጥኖች 0.35 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፔት ጭርምትን ይቀንሳል። ሲያለብሱ ካርቶኑን ወደ መከላከያው አይግፉት፤ መከላከያውን አስፍተው ካርቶኑን ከላይ ያውርዱት፣ ማዕዘኑ የሚሰበረው ሲገፋ ነው። ክፍሉ ርጥበታማ ከሆነ ሁለቱንም አፍ አይድፈኑ፤ ታፍኖ የቀረ እርጥበት ካርቶኑን ያጎብጠዋል።