ልጁ ነው ወይስ ድምፁ?
በደቡብ ሕንድ ቋንቋ በቴሉጉ ስለተሠራው አጭር ፊልም «ዋናው ተዋናይ አይችልም ወይስ ችግሩ ሌላ ነው?» ብለህ ለጠየቅኸው፣ እኔ በልጁ አልፈርድም። ድምፁን አጥፍተህ የወጥ ቤቱን ትዕይንት እየው፤ አባቱ የሰጠውን ሻይ ሳይቀምስ ብርጭቆውን በጣቱ ሲያዞር ኩርፊያው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያበላሸው ኋላ ስቱዲዮ የተቀዳው ንግግር ነው፤ ከንፈሩ ከቆመ በኋላ ድምፁ ይቀጥላል። በቴሉጉ ሲኒማ ንግግርን ኋላ ስቱዲዮ መቅዳት የቆየ ልማድ ነው። ሆኖም ከአጭር ፊልም የተነሣው የቴሉጉ ዳይሬክተር ታሩን ባስከር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 «ፔሊ ቾፑሉ» የተባለውን ፊልም የሠራው ድምፁን እዚያው በቀረጻ ቦታ እየቀዳ ነው። ሙዚቃውማ አይነሣ፤ አባትየው አፉን በከፈተ ቁጥር ቫዮሊን! እናትየዋ ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ሁሉንም በልጣቸዋለች።