ግድቡን ለቢቨሮቹ ተዉላቸው፣ የውሃውን ልክ እናንተ ያዙ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቨርጂኒያ ከባለቤትሽ ጋር የገዛችሁት መሬት ላይ ቢቨር (በእንጨትና በጭቃ ግድብ የሚሰራው ትልቅ የአይጥ ዘመድ) ጅረቱን ዘግቶ ኩሬ ሰርቷል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ዳክዬ እንደ ጉድ ይመጣ ነበር። አሁን ውሃው ደረት ድረስ ደርሶ ዳክዬዎቹ ጠፉ። ባለቤትሽ ኤክስካቫተር ተከራይቶ ግድቡን ሊንደው ነው። አንቺ ደግሞ ሌላ መላ የለም ወይ ብለሻል።

አለ። ኤክስካቫተሩ ይቅር።

እኔ ጆርጂያ ነኝ። ከአትላንታ አንድ ሰዓት ተኩል ነድቼ የምደርስበት፣ ከባለቤቴ ወንድም ጋር የገዛነው መሬት አለን። ዘጠኝ ዓመት ከቢቨር ጋር ስንጣላና ስንታረቅ ቆይተናል። የምነግርሽን ግማሹን የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

እኛም መጀመሪያ እንደ ባለቤትሽ ነበርን። አንድ ቅዳሜ ዶማና አካፋ ይዘን ገባን። እስከ ከሰዓት ቆፍረን ግድቡን በረገድነው። ውሃው እየተንዶለዶለ ሲወርድ በጣም ደስ አለን፣ ፎቶ ሁሉ ተነሳን። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ብቅ ስንል ግድቡ ተደፍኗል። ይባስ ብሎ ረስተነው የሄድነው አካፋ ጭቃ ተለስኖበት ግድቡ ውስጥ ተሰክቷል። እጀታው ብቻ ነው የሚታየው። የባለቤቴ ወንድም እስከ ዛሬ ይስቃል።

ነገሩ የድምፅ ጉዳይ ነው። ላርሽ ቪልሶን የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሚፈስ ውሃ ድምፅ ቀድቶ ለቢቨሮች አሰማቸው። ውሃ በሌለበት፣ ድምፁ የመጣበት ቦታ ላይ እንጨትና ጭቃ ይከምሩ ጀመር። እና ግድቡን በነደላችሁት ቁጥር ኑ ስሩ ብላችሁ እየጠራችኋቸው ነው ማለት ነው። ውሃው ሳይጮህ እንዲወጣ ማድረግ አለባችሁ። ለዚህ መላው በግድቡ ውስጥ የሚያልፍ ቱቦ ነው።

ወደ ቱቦው ከመሄዴ በፊት ግን ዳክዬዎቹ ለምን እንደጠፉ ልንገርሽ። ይህ ካልገባችሁ ቱቦውም አይረዳችሁም።

እዚህ የምናያቸው አብዛኞቹ ዳክዬዎች ጠልቀው አይመገቡም። ጭራቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው አንገታቸውን ወደ ታች ይሰዳሉ። ከ15 እስከ 30 ሴንቲሜትር ውሃ ይመቻቸዋል። 45 ካለፈ አፋቸው መሬት አይደርስም። የእናንተ ኩሬ ደረት ድረስ ከሆነ ለእነሱ ማረፊያ እንጂ ማዕድ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመጡት ውሃው አዲስ መሬት ላይ ስለተኛ ነው። ሳሩ፣ ዘሩ፣ ትላትሉ ሁሉ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ሲተኛበት ሳሩ ሞተ፣ ዘሩም አለቀ።

እኔ የፎገራ ልጅ ነኝ። ይህን ነገር እዚህ አገር ሲያስረዱኝ ወዲያው የገባኝ ለዚያ ነው። ጣና ዳር ክረምት ያጥለቀለቀው መሬት ውሃው ሲሸሽ ባህር ሸሽ ይባላል። አባቴ እዚያ እርጥበት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራ ነበር። መሬቱ የሚሰባው ውሃው መጥቶ ስለሚሄድ ነው። ሁልጊዜ ቢተኛበት ኖሮ ማን ያርሰው ነበር? የቢቨር ኩሬም እንዲሁ ነው። በበጋ ዳር ዳሩን ጭቃ አድርጊው፣ በቅሎ ዘር ይያዝ። በመከር ውሃውን መልሽበት። ዳክዬው ከሰሜን ሲመጣ ማዕዱ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል።

አሁን ቱቦው። እኛ የተጠቀምነው ደቡብ ካሮላይና ያለው ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ የሰራውን ዓይነት ነው። 10 ኢንች ስፋትና 10 ጫማ ርዝመት ያለው ፒቪሲ ቱቦ ትገዢያለሽ። ዙሪያውን ባለ 2 ኢንች ቀዳዳ በትራፓኖ ትበሺዋለሽ። ከመቶ በላይ ቀዳዳ ነው፣ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ ክንድ ይገድላል። ጫፉ በክዳን ይዘጋል። ከዚያ ቱቦውን በጠንካራ የሽቦ መረብ ታጥሪዋለሽ፣ መረቡ ቱቦውን ሳይነካ በሁሉም ጎን ራቅ ብሎ ይክበበው። ውሃው በብዙ ቀዳዳ ስለሚገባ የሚስብበት ኃይል የለውም፣ ድምፅም አያወጣም። ቢቨሩ በአጠገቡ ይዋኛል፣ ውሃ እየወጣበት እንደሆነ ግን አይነቃም።

ይህ ክፍል ኩሬው ውስጥ ይተኛል። ከእሱ ጋር ባለ 8 ኢንች ቱቦ ተያይዞ በግድቡ ውስጥ አልፎ ወደ ታች ይወጣል። መጨረሻው ላይ ኤልቦ፣ ማለትም የታጠፈ መጋጠሚያ፣ ይገባና ቱቦው ወደ ላይ ይቆማል። የኩሬው ከፍታ የዚያ የቆመ ቱቦ አፍ ያለበት ከፍታ ነው። ቁራጭ ስትጨምሪ ውሃው ከፍ ይላል፣ ስታወጪ ዝቅ ይላል። እኛ እዚያ ጋ ያለውን ኤልቦ በማጣበቂያ አላጣበቅነውም። በእጅ ይነቀላል፣ በእጅ ይገባል። በየ15 ሴንቲው የተቆረጡ ቁራጮች ጋራዥ ውስጥ ተደርድረው አሉኝ፣ ባለቤቴ የምን ኮተት ነው ትለኛለች።

የሳትነው ቦታው ላይ ነበር። መጀመሪያ መረቡን ከግድቡ ሁለት ሜትር አካባቢ አስተኛነው። ቢቨር ደግሞ ግድቡ አካባቢ ሁልጊዜ ይለስናል፣ መረቡንም አብሮ ለሰነው። ሰባት ሜትር ያህል ወደ ውስጥ፣ ጥልቁ ጋ ስንወስደው ተወን። ቱቦው ደግሞ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ በሁለት በኩል ፌሮ ተክላችሁ እሰሩት። እስከ ደረት የሚደርስ የላስቲክ ሱሪ ልበሱ። ውሃውን አትቅመሱት፣ ጃርዲያ አለበት። አሜሪካኖች የቢቨር ትኩሳት ይሉታል። ለሐበሻ ጃርዲያን ማስተዋወቅ አያስፈልግም።

ከሁሉም የከፋው ስህተቴ ግን የጊዜ ነበር። ቱቦው ሲሰራ ጓጓሁና ግንቦት፣ በፈረንጅ ሜይ ላይ፣ ውሃውን በአንድ ሳምንት ለቀቅኩት። በዚያ ሰሞን አንዲት ውድ ዳክ የሚሏት ዓይነት ዳክዬ አስራ አንድ ጫጩት አስከትላ ትዋኝ ነበር። (ውድ ዳክ ስሙ እንግሊዝኛ ቢሆንም በአማርኛም ይስማማታል። ወንዱን ያየ ያውቃል፣ ሰው ተቀምጦ የቀባው ነው የሚመስለው።) ውሃው ሲሸሽ በቁጥቋጦውና በውሃው መሃል ሰፊ ጭቃ ቀረ። ጫጩቶቹ ያን ጭቃ መሻገር ነበረባቸው። በማግስቱ ስሄድ ጭቃው ላይ የሕፃን እጅ የሚመስል ዱካ ከዳር እስከ ዳር ተረጭቷል። ራኩን ነው፣ ሌሊት እየዞረ እንቁላልና ጫጩት የሚበላ የዱር እንስሳ። በሳምንቱ ሦስት ጫጩት ቆጠርኩ። ያን ዓመት ደግሜ ቱቦውን አልነካሁትም።

ስለዚህ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ጠብቂ። ከተፈለፈሉ ስምንት ዘጠኝ ሳምንት ይወስድባቸዋል። በእናንተ አካባቢ ጁላይ መግቢያ ላይ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። ቁራጭ አውጡ፣ ጥቂት ቀን ጠብቁ፣ ሌላ አውጡ። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፍጅ። ቶሎ ሲደርቅ ጭቃው ይሰነጠቅና እንደ አገራችን ጭጎጎት ልብስ ላይ የሚለጠፍ አረም ይወርሰዋል። ቀስ ሲል ግን ዳክዬ የሚወደው ሳርና ስማርትዊድ የሚሉት ባለ ሮዝ አበባ ተክል ራሱ ይበቅላል። ጭቃው ውስጥ ዘሩ ተቀብሮ ይቆያልና እናንተ ምንም አትዘሩም።

ኩሬውን ግን ሙሉ በሙሉ እንዳታደርቁት። የቢቨሩ ቤት መግቢያ ውሃ ውስጥ ነው። ከተጋለጠ ወይ ጥለው ይሄዳሉ፣ ወይ ታች ወርደው ሌላ ግድብ ይሰራሉ። ያኔ ቱቦሽ ሜዳ ላይ ቀረ። እኔ ግድቡ ስር ያለውን ጥልቅ ቦታ አልነካውም። ዳር ዳሩ ብቻ ነው የሚሸሸው።

ለመዝራት ከፈለጋችሁ የጃፓን ሚሌት የሚሉት የእህል ዓይነት አለ። እርጥብ ጭቃ ላይ በእጅ ትበትኚዋለሽ፣ ማረስ የለም። በ60 ቀን ገደማ ይደርሳል። ጁላይ መጨረሻ ከተዘራ ውርጭ ሳይመታው ያፈራል። ኦክቶበር ላይ ቁራጮቹን መልሰሽ ውሃውን እንደቆመ ታለብሺዋለሽ። አንድ ነገር ልብ በሉ። የዘራችሁትን እንደቆመ ውሃ ማልበስ ይፈቀዳል። አጭዳችሁ ወይም አጋድማችሁ እዚያ ዳክዬ ማደን ግን በፌዴራል ሕግ ያስቀጣል፣ ማባበያ ነው የሚባለው። እኛ አናድንም። እናቴ ዳክዬ እንበላለን ብላት ታለቅሳለች። የአዳኞቹን 25 ዶላር ቴምብር ግን በየዓመቱ እገዛለሁ፣ ገንዘቡ እንዲህ ዓይነት ረግረግ ለመግዛት ስለሚውል።

የቆሙትን የደረቁ ዛፎች አትቁረጡ። ባለቤትሽ ያስጠላሉ ሊል ይችላል። ውድ ዳክ የምትፈለፍለው ግን የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዛፉ ተቆርጦ፣ እሷም ታድና አልቃ እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 1941 አደኗ ተከልክሎ ነበር። ቀዳዳ ከሌለ ሳጥን ስሩ። በሩ ቁመቱ 3፣ ወርዱ 4 ኢንች፣ ውስጡ ትንሽ የእንጨት ፍቅፋቂ። ውሃ ላይ በብረት ምሰሶ ይተከል፣ ምሰሶው ላይ ራኩን እንዳይወጣ የቆርቆሮ ቆብ ይግባበት። ቆቡ ከሌለ ሳጥኑን ባትሰሩት ይሻላል፣ ለራኩን ቁርስ ማቅረብ ነው የሚሆነው።

ለባለቤትሽ አንድ ነገር ንገሪው። ረግረግ ውስጥ በማሽን አፈር ማገላበጥ የፌዴራል ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ቱቦም ቢሆን ከመጀመራችሁ በፊት የስቴቱን የዱር እንስሳት መስሪያ ቤት ደውላችሁ ጠይቁ። እኛ ጋ በነፃ መጥተው አይተውልናል፣ የሰውየው ምክር ብዙ ጭቃ አዳነን።

አሁን ቱቦ ለመግዛት አትሩጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ረጅም እንጨት ላይ በየ10 ሴንቲው ምልክት አድርጋችሁ ኩሬውን አስር ቦታ ለኩ። ግድቡንም ከላይ እስከ ታች ለኩት። ዳር ዳሩ ጠፍጣፋ ከሆነ 40 ሴንቲ ብቻ ብታወርዱ ሰፊ መሬት ይወጣል። ገደል ከሆነ ግን ብዙም አታተርፉም፣ ያን ጊዜ ሳጥኑ ይበቃችኋል። ቁጥሮቹን ላኪልኝና የቱቦውን ርዝመት አብረን እናሰላዋለን። አካፋ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ እዚያ ጥላችሁ እንዳትመለሱ።