በሰው ጠብ ወገን ልያዝ ወይ ላልሽኝ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። የኮሪያ ዘፈን እየሰማች ነው ያደገችው፤ እናቷ «ይቺ ልጅ አማርኛዋን ልትረሳው ነው» እያለች ስትማረር ስንቴ ሰምቻለሁ።

«እትዬ፣ እርስዎ ኮሪያ ስለኖሩ ነው የምጠይቅዎት» ትላለች። ቢቲኤስ የሚባለው የኮሪያ ዘፋኞች ቡድን ወዳጆች ከየአገሩ የተሰባሰቡበት ግሩፕ አላቸው። ከዘፋኞቹ አንዱ የአቶሚክ ቦምብ ጭስ ያለበት ቲሸርት የለበሰበት የድሮ ፎቶ እንደገና ተለጥፎ ኮሪያዎቹና ጃፓኖቹ ተባልተዋል። መሀል ገብታ ልታበርድ ስትሞክር አንዱ «አፍሪካዊት ምን አገባት» ብሎ፣ እዚህ የማልጽፈውን ነገር ጨመረባት። እሱን እንኳ ችላዋለች። ያልቻለችው ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የምታወራት ጃፓናዊት ጓደኛ አለቻት፤ እሷ በውስጥ መስመር መጥታ «አንቺስ ከማን ጋር ነሽ?» አለቻት። «በሰው ጠብ ወገን ልያዝ ወይ?» ነው ጥያቄዋ።

ለእሷ ብቻ መልሼ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ያቺ «ከማን ጋር ነሽ» የምትል ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። ከአሥር ዓመት በፊት እኔም ተጠይቄአታለሁ። ያውም በአካል፣ ኩሽና ውስጥ። መልሱን አበላሸሁት።

ኮሪያ የሄድኩት በ2015 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የዚያን አገር ነገር በእኛ ስቆጥር ይምታታብኛል።) የመንግሥት መሥሪያ ቤት የበጀት ባለሙያ ነበርኩ፣ አርባን አልፌአለሁ፣ ኮሪያ ለእኛ ዓይነቱ የመንግሥት ሠራተኛ የምትሰጠውን የማስተርስ ዕድል አግኝቼ ሶል ገባሁ። ዶርም ስገባ ዙሪያዬ ያሉት ሁሉ የሃያና የሃያ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው። ኮሪያ ውስጥ ሴት ልጅ ታላቋን «ኦንኒ» ነው የምትለው። ሳምንት ሳይሞላኝ የፎቁ ሁሉ ኦንኒ ሆንኩ። ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። አገር ቤት የሚያስታውሰኝ ሰው ፋይል የያዘ ብቻ ነበራ።

ከሁሉም የምቀርባቸው ሁለት ነበሩ። አንዷ የታይዋን ልጅ፣ ሌላዋ ከሰሜን ቻይና። ቋንቋቸው አንድ ስለሆነ ከመጡበት ቀን ጀምሮ አይለያዩም። ትዋይስ የሚባለው የዘጠኝ ሴቶች ቡድን በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ብቅ ሲል አልበሙን ተዋጥተው ገዙ። ውስጡ ያሉትን ፎቶካርዶች ወለሉ ላይ ዘርግተው «ይቺ ያንቺ፣ ይቺ የኔ» ሲባባሉ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ቅርጫ የሚከፋፈሉ ነው የሚመስሉት።

እሑድ እሑድ ጀበናዬን አውጥቼ ቡና አፈላለሁ። መቁላቱን ትቼዋለሁ፤ አንዴ ስሞክር የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ሕንጻው ሁሉ በፒጃማ ወረደ። የታይዋኗ ልጅ አቦሉን ስኳር ሳታስነካ ነው የምትጠጣው። ስለወደደችልኝ ከስድስቱ ሲኒዎች አንዱን «ይሄ ያንቺ ነው» ብዬ ሰጠኋት። ክፍሏ ወስዳ መስኮቷ ላይ አስቀመጠችው።

ጃንዋሪ 15፣ 2016፣ ዓርብ ማታ። ለጥምቀት አምስት ቀን ቀርቶታል። ከቤት ደውለው ስለ ከተራ ሲያወሩኝ ሆዴ ባብቷል፤ ኩሽና የገባሁት ያን እኛ ኢንዶሚ የምንለውን ቀቅዬ፣ በልቼ ለመተኛት ነው። ሁለቱ አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከትዋይስ አባላት አንዷ፣ ጹዩ፣ የታይዋን ልጅ ናት። ያኔ 16 ዓመቷ። ኖቬምበር 2015 ላይ በአንድ የኮሪያ ቴሌቪዥን ፕሮግራም የታይዋንን ባንዲራ ከኮሪያው ጋር ይዛ ታየች። ጃፓናውያኑ አባላትም የአገራቸውን ይዘው ነበር። በኋላ ሁዋንግ አን የሚባል፣ ቻይና ውስጥ የሚሠራ፣ እሱም ራሱ የታይዋን ሰው የሆነ ዘፋኝ፣ ልጅቷን የታይዋን ነጻነት አቀንቃኝ ናት ብሎ አሳጣት። ቻይና ታይዋንን የራሴ ግዛት ናት ስለምትል፣ የቻይና ኢንተርኔት ነደደ። ድርጅቷ ጄዋይፒ የቻይና ሥራዋን አቆመ። አልበቃ ሲል ልጅቷን ካሜራ ፊት አቆማት። ጥቁር ሹራብ ለብሳ፣ ዝቅ ብላ እጅ ነስታ፣ ከወረቀት እያነበበች፣ ቻይና አንዲት ናት፣ ቻይናዊት በመሆኔም እኮራለሁ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። በማግስቱ ታይዋን ፕሬዚዳንቷን መረጠች። ጻይ ኢንግ-ወን አሸንፋ ስትናገር የልጅቷን ነገር አንስታለች።

ያን ቪዲዮ ነው የሚያዩት። የታይዋኗ ልጅ ታለቅሳለች። የቻይናዋ አንድ ነገር አለቻት። ሊያጽናና የታሰበ ነገር ነበር መሰለኝ፣ አሁን ሳስበው። ግን ያኛዋ እንደዚያ አልሰማችውም። ድምፅ ከፍ አለ። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ጠብ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። ከዚያ የቻይናዋ ልጅ ወደኔ ዞራ በኮሪያኛ «ኦንኒ፣ እስቲ አንቺ ንገሪያት። ታይዋን አገር ናት ወይስ አይደለችም?» አለች።

ሁለቱም አፍ አፌን ያዩኛል።

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «የኢትዮጵያ መንግሥት ከ1970 ጀምሮ የሚያውቀው አንዲት ቻይናን ነው» አልኩ።

እውነት ነው እኮ። ስህተት የለበትም። የጎደለው የደብዳቤ ቁጥርና ማኅተም ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ ሰው አፉም እንደዚያው ይሆናል። ዓይኗ ያበጠ ልጅ ፊቴ ተቀምጣ እኔ የመንግሥት አቋም አነበብኩላት። ያውም እኔ፣ ባንዲራ ላይ ኮከብ ይኑር አይኑር እየተባለ ሰው ለቡጢ ከሚጋበዝበት አገር የመጣሁት። ባንዲራ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶኝ አይደለም።

የታይዋኗ ልጅ ምንም አላለችም። ሳህኗን አጠበች፣ ጨርቁን ጨምቃ ሰቀለች፣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ኦንኒ ብላኝ አታውቅም። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ እንደ መምህር ዝቅ ብላ ሰላም ትለኛለች። ያ ሰላምታ ከስድብ ይከፋ ነበር። የካቲት ላይ ትምህርቷን ጨርሳ አገሯ ገባች። በሄደች ቀን ጠዋት በሬን ስከፍት መሬት ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። ሲኒው ነው። ታጥቧል።

አንድ ወር ሙሉ በር ለበር ነበርን። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። «ምን አጠፋሁ? የተናገርኩት እውነት ነው» እያልኩ ራሴን ሳባብል ከረምኩ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሰው በሃያ ዓመቱ ቢያደርገው ልጅነት ነው ይባላል። እኔ ምን ልበል?

ብርዱ ሲያልፍ ቹንቾን ሄድኩ። የቃኘው ዘማቾች መታሰቢያ እዚያ ነው። ሐውልቱን ጃንሆይ ራሳቸው በ1968 መርቀውታል፤ ባለ ጎጆ ጣሪያው ሙዚየም በ2007 ነው የተከፈተው። ኮሪያ የደረሰ ሐበሻ ሁሉ የሚሳለመው ቦታ ነው። የቻይናዋ ልጅ «አብሬሽ ልምጣ» አለችኝና በባቡር ሄድን። እኔ ደረቴን ነፍቼ አስጎብኛታለሁ። 6,037 ዘማች ነው የመጣው፣ ከ120 በላይ ሞቷል፣ አንድም የተማረከ የለም። በመሀል «ከማን ጋር ነው የተዋጉት?» አለችኝ።

ከማን ጋር ይሆናል፤ ከሰሜን ኮሪያና ከቻይና ጦር ጋር ነዋ። አፌ ላይ ቀረ። እሷ ፎቶዎቹን እያየች «የአያቴ ታላቅ ወንድም እዚህ አገር ነው የቀረው» አለች። እኔ እንደገና የመንግሥት አቋም ፈለግኩ። ደግነቱ አልመጣልኝም።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ነው የነገረችኝ። «ያን ማታ የጠየቅኩሽ መልስ ፈልጌ አልነበረም፤ ‹ዝም በሉ፣ ቁጭ ብላችሁ ብሉ› ትይናለሽ ብዬ ነው» አለችኝ።

በ2020 የቢቲኤሱ አርኤም ሽልማት ሲቀበል ኮሪያና አሜሪካ በዚያ ጦርነት አብረው ስላሳለፉት ስቃይ ተናገረ። ቻይናዎቹ «የእኛስ ሙታን?» ብለው ተነሱ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ሳይቀሩ የቡድኑን ምስል ከቻይና ገበያቸው አወረዱ። እኔ ስለ ዘፋኙ አላሰብኩም። የአያቷ ወንድም ትዝ አለኝ። ደህንነቷን ጠየቅኳት። አንድ ሰሃን ኢንዶሚ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ ሌላ ቃል የለበትም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ብሎክ አድርጉ፣ ስልካችሁን ዝጉ፣ ትምህርታችሁን አጥኑ የሚለውን እናንተም ስለምታውቁት አልደክምበትም።

የሚያናድደኝ ግን አለ፤ ይሄ ስክሪንሾት መሰብሰባችሁ። እኛ ቂም ስንይዝ በሆዳችን ነበር፣ ሆድ ደግሞ እየዋለ እያደረ ይረሳል። የእናንተ ቂም ስልክ ውስጥ ከነቀኑ ከነሰዓቱ ተቀምጦ፣ ልክ በተፈለገ ጊዜ እንደ ማስረጃ ይመዘዛል። በ2019 የትዋይሷ ሳና የጃፓን ንጉሥ ከዙፋን ሲወርዱ ያ ዘመን ማለቁ ቅር እንዳሰኛት በጃፓንኛ ሁለት መስመር ጻፈች፤ የወጣት ልጅ ትዝታ ነው። ኮሪያ ውስጥ ስንት ውርጅብኝ ወረደባት! (እሺ፣ እኔም የአሥር ዓመት ነገር አልረሳም ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ይሁን።)

ግን ደግሞ ቁጣው ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ጃፓን ኮሪያን 35 ዓመት ገዝታለች። ኮሪያ ውስጥ የጃፓን ባህል እስከ 1998 ድረስ በሕግ የተዘጋ ነበር፤ የጃፓንኛ ዘፈን ሲዲ በነጻነት መሸጥ የጀመረው በ2004 ነው። የእኛ የጣሊያን ወረራ አምስት ዓመት ነው፤ በ2012 አፊሌ የምትባል የጣሊያን ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ስትሠራ እንዴት እንደተንገበገብን አስታውሳለሁ። ስለዚህ ኮሪያዎቹን «ለምን አትረሱም» የምንል እኛ ማን ነን?

ቲሸርቱም እንደዚያው ነው። የቢቲኤሱ ጂሚን የለበሰው ልብስ ላይ የአቶሚክ ቦምቡ ጭስና የኮሪያ ነጻነት የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ በ2018 አንድ የጃፓን ቴሌቪዥን የቡድኑን ዝግጅት በዋዜማው ሰረዘ። ለአንዱ ጭሱ የባርነት ማብቂያ ነው፣ ለሌላው የተቃጠሉ አያቶች። በኮመንት መሀል የሚረሳው ደግሞ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ውስጥ ለጉልበት ሥራ የተወሰዱ ብዙ ኮሪያውያንም አብረው መቃጠላቸው ነው። የቢቲኤስ ድርጅት ሰዎች ይቅርታ ይዘው ሐፕቾን ከተማ ያሉ ኮሪያውያን ተጎጂዎች ዘንድ ሄደዋል። ጉዳዩ ያን ያህል የተጠላለፈ ነው፤ እናንተ በሁለት ኢሞጂ ትፈርዱታላችሁ።

«አፍሪካዊት ምን አገባት» ላለሽ ሰው መልስ አልሰጥም። ኮሪያ ማማሙ የሚባለው ዘፋኝ ቡድን በ2017 ፊቱን ጥቁር ተቀብቶ መድረክ ላይ ወጥቶ ይቅርታ እስኪጠይቅ የደረሰበት አገር ነው፤ ችግሩ እንዳለ አለ፣ እኔም ቀምሼዋለሁ። ግን እኛስ? እዚህ ቤተሰቦቻችንን የሚያክሙ ኮሪያውያን ሐኪሞች መንገድ ላይ ሲሄዱ «ቻይና! ቻይና!» ተብሎ ይጮኽባቸዋል። አንድ ቀን ከእነሱ ጋር ሳልፍ ጮኸብን። የጮኸው የሰፈሬ ልጅ ነው። እኔ ዝም አልኩ። አያችሁ፣ ዝምታው ላይ ጎበዝ ነኝ።

እና ወገን ልያዝ ወይ ላልሽው፣ አትያዢ። ማለቴ፣ ግሩፑ ውስጥ አትያዢ። ሰው በዘሩ ሲሰደብ ካየሽ ግን ያዢ። ኧረ እኔም አምታታሁት። ብቻ ለጓደኛሽ ስለ 1945ቱ ቦምብ አትጻፊላት። ሁለት ዓመት አውርተሻታል፤ የየት ከተማ ልጅ ናት? ቤቷ ማን አለ? ይህን ጠይቄአት «አላውቅም» አለችኝ። የምትወጂውን አባል የደም ዓይነት ታውቂያለሽ፣ የጓደኛሽን ከተማ አታውቂም አልኳትና ትንሽ አኮረፈችኝ።

ትናንት ማታ ጻፈችልኝ። ጓደኛዋ የናጎያ ልጅ ናት። ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ አያቷ የኮሪያ ድራማ ሳያዩ አይተኙም። ስለ ግሩፑ ምንም አላለችም። እኔም አልጠየቅኳት።