አኩሪ አተር፣ ቦርጭና አእምሮ፦ አራት ኪሎ ላይ የቀረቡልኝ ጥያቄዎች

ባለፈው ቅዳሜ የእድራችን ስብሰባ ካለቀ በኋላ ጥቂት ሰዎች ቀረን። ቶናው እየተቀዳ ነበር። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ስልኳን ከፍታ አንድ ዜና አነበበችልን። ቅባት በበዛበት መኖ የወፈሩ አይጦች ከአኩሪ አተር የወጣ ንጥረ ነገር ሲሰጣቸው አእምሯቸው ከጉዳት ተረፈ ይላል። ሙያዬ ሥነ ምግብ ስለሆነ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጥያቄው ዘነበ። ያን ቀን ለመመለስ ጊዜ ያጣሁባቸውንም ጨምሬ ጽፌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ደም ግፊቱና ስኳሩ ይገባኛል። ውፍረትን ከጭንቅላት ጋር ምን አገናኘው? (ባለ ሱቁ ጎረቤታችን)

ጋሼ፣ ብዙ ሰው እንደ እርስዎ ነው የሚያስበው። ቅባት መጀመሪያ የሚታየው ቦርጭ ላይ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ (ከዚህ በታች ያሉትንም ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። አይጦቹ ገና ክብደት ሳይጨምሩ፣ ቅባት የበዛበት መኖ በጀመሩ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአእምሮ ክፍላቸው ተቆጣ፣ ቁስል እንደሚቆጣው ማለት ነው። ይህ ክፍል ረሃብንና ጥጋብን የሚቆጣጠረው ነው። እሱ ሲታመም "በቃኝ" የሚለው መልእክት ይደክማል። ሰውየው የበለጠ ይበላል፣ ክፍሉም የበለጠ ይጎዳል።

እዚያ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። የአእምሮ ዘበኞች በሏቸው። ጀርም ሲገባ ይነሳሉ፣ ሥራቸውን ጨርሰው ይመለሳሉ። ቅባቱ በየቀኑ ሲመጣ ግን ዘበኛው ማታም ቀንም እንደተነሳ ይቀራል። መጨረሻ ላይ የሚጠብቀውን ቤት ራሱ መጉዳት ይጀምራል። ጉዳቱ ትዝታ የሚያዝበት፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአእምሮ ክፍል ጋ ሲደርስ ትዝታ ይነካል። የአእምሮ ሕዋሳት ለኢንሱሊን መልስ መስጠት ሲያቅታቸውም እንዲሁ ነው።

በሰው በኩል፣ ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በጎልማሳነት ዕድሜ የሚመጣን ከልክ ያለፈ ውፍረት ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡ ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። በ2024 ዝርዝሩ 14 ደርሷል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማት ችግርና እንቅስቃሴ ማነስም አሉበት።

ጥያቄ፦ አኩሪ አተር ውስጥ ያለው ነገር ምንድን ነው?

አይሶፍላቮን ይባላል። ዋናዎቹ ጄኒስታይንና ዳይድዜይን ናቸው። ቅርጻቸው የሴት ሆርሞን የምንለውን ኤስትሮጅንን ይመስላል። ቁልፍ ቁልፍን እንደሚመስለው ማለት ነው። ኤስትሮጅን የሚከፍተውን በር በትንሹ ይከፍታሉ፣ ያውም ሁሉንም በር አይደለም። ቤታ የተባለውን በር (የኤስትሮጅን መቀበያ) ይመርጣሉ። እሱ ደግሞ አእምሮ ውስጥም ይገኛል። ተመራማሪዎቹን የሳባቸው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ አይጦቹ ከዳኑ እኛስ? (ዜናውን ያነበበችልን ልጅ)

እህቴ፣ ጥያቄሽ ዋናው ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ጄኒስታይን የተሰጣቸው ወፍራም አይጦች በተለያዩ ሙከራዎች አእምሯቸው ውስጥ ያለው ቁጣ ቀንሶ ታይቷል። የትዝታ ፈተናም የተሻለ ሠርተዋል። ይህን አላጣጥልም። ግን ከአይጥ ወደ ሰው ለመሻገር ሦስት ገደል አለ።

አንደኛው መጠኑ ነው። ለአይጥ በአንድ ኪሎ ክብደቱ 50 ሚሊግራም ተሰጠ እንበል። የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመለወጥ በተለመደው ስሌት በ12.3 ይካፈላል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን ወደ 285 ሚሊግራም ይመጣል። ከአኩሪ አተር የሚሠሩት ቶፉና ሚሶ የዕለት ምግባቸው የሆነው ጃፓናውያን እንኳ በአብዛኛው በቀን ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም ነው የሚያገኙት።

ሁለተኛው አንጀት ነው። ዳይድዜይንን የአንጀት ባክቴሪያዎች ኢኩዎል ወደሚባል ይበልጥ ጠንካራ ነገር ይለውጡታል። አይጦች ሁሉም ማለት ይቻላል ይህን ይሠራሉ። ሰው ግን ይለያያል። በምዕራቡ ዓለም ከአራት ሰው አንዱ፣ ቢበዛ ከሦስት አንዱ ነው የሚያመርተው። በምሥራቅ እስያ ግማሽ ያህሉና ከዚያ በላይ። ሁለት ሰዎች ከአንድ ሰሃን በልተው አንዱ የሚያገኘውን ሌላው ላያገኘው ይችላል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፣ እኔንም ስሰማው አስደንግጦኛል። የቤተ ሙከራ አይጥ መደበኛ መኖ ራሱ ብዙ ጊዜ አኩሪ አተር አለበት። የሚያወፍረው መኖ ግን ከወተት ፕሮቲን፣ ከስብና ከስኳር ተመጥኖ የሚሠራ ስለሆነ አይሶፍላቮን የለበትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ "ቀጭኑን ከወፍራሙ አወዳደርን" ሲሉ፣ ልዩነቱ ቅባቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። አንደኛው አይሶፍላቮን በልቷል፣ ሌላው አልበላም። እንዲህ ያለ ዜና ስታነቢ መጀመሪያ የምትጠይቂው "የሚወዳደረው ቡድን ምን በላ?" ብለሽ ይሁን።

ጥያቄ፦ በሰው ላይስ ተሞክሯል?

ተሞክሯል። አሜሪካ ውስጥ የወር አበባቸው የቆመ 350 ጤነኛ ሴቶች ለሁለት ዓመት ተኩል ክትትል ተደርጎላቸዋል። ግማሾቹ በቀን 25 ግራም የአኩሪ አተር ፕሮቲን፣ ግማሾቹ የወተት ፕሮቲን ይወስዱ ነበር። ውጤቱ በ2012 ወጣ። በአጠቃላይ የአእምሮ ችሎታ ልዩነት አልታየም። በዓይን ያዩትን በማስታወስ በኩል ብቻ ትንሽ መሻሻል ነበር። በ2015 ደግሞ የአልዛይመር ሕሙማን በቀን 100 ሚሊግራም አይሶፍላቮን ለስድስት ወር ወስደው ጥቅም አልተገኘበትም። ተሳታፊዎቹ ግን በውፍረታቸው የተመረጡ አልነበሩም።

ጥያቄ፦ የአኩሪ አተር ዘይት ብጠቀምስ?

ዘይቱ ውስጥ አይሶፍላቮን የለም ማለት ይቻላል። ሲጨመቅ ከፋጉሎው ጋር ነው የሚቀረው። ከረጋው ዘይት ይሻላል፣ እሱን እቀበላለሁ። ግን ዘይት ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል ነው። "ጾም ላይ ሆኜ ለምን እወፍራለሁ" የምትሉኝ እናቶች፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ነው።

ጥያቄ፦ በጾም ለደንበኞቼ በአኩሪ አተር ወተት ማኪያቶ እሠራለሁ። ይጠቅማቸዋል? (ካፌ ያላት እህታችን)

አንድ ሙሉ ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት 25 ሚሊግራም ያህል አይሶፍላቮን ሊኖረው ይችላል። ማኪያቶ ላይ የሚፈሰው ትንሽ ነው። ለጣዕሙ ይጠጡት። አንቺ ማድረግ የምትችዪው ነገር ስኳር ያልገባበትን ወተት መግዛት ነው። ብዙው ካርቶን ጣፍጦ ነው የሚመጣው። ደንበኛሽ ደግሞ ላዩ ላይ ሁለት ማንኪያ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ጂም የምንሠራ ልጆች "ሶያ ወንድነት ይቀንሳል" እንባባላለን። እውነት ነው?

ወሬው መነሻ አለው። በ1940ዎቹ ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ክሎቨር የሚባል የግጦሽ ተክል አንዱን ዓይነት የሚግጡ በጎች መካን ሆኑ። ምክንያቱ ተክሉ ውስጥ ያሉ የአይሶፍላቮን ዘመዶች ነበሩ። በጎቹ ግን ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አይበሉም ነበር። በወንዶች ላይ የተሠሩ ሙከራዎች በ2010ም በ2021ም ተሰባስበው ታይተዋል። የወንድ ሆርሞን የምንለው ቴስቶስትሮን አልቀነሰም። አትስጋ፣ የሶያ ሥጋህን ብላ።

ጥያቄ፦ የእንቅርት መድኃኒት እወስዳለሁ።

እትዬ፣ ለእርስዎ ጥንቃቄ አለው። አኩሪ አተር ሌቮታይሮክሲን የተባለውን መድኃኒት አንጀት በደንብ እንዳይቀበለው ያደርጋል። ክኒኑን በባዶ ሆድ ይውሰዱ፣ አኩሪ አተሩን ከሰዓታት በኋላ ያድርጉት። አንድ ሳምንት በብዛት፣ አንድ ሳምንት ጭራሽ አይሁን። ለሐኪምዎም ይንገሩ። ቤት ውስጥ አዮዲን ያለው ጨው ይኑር።

ጥያቄ፦ ልጄ ከውጭ የአይሶፍላቮን እንክብል ልላክልሽ አለችኝ።

ትተወው። በገንዘቡ ሌላ ትላክልዎ። በተለይ እርስዎ የጡት ካንሰር ታክመው የዳኑ ስለሆኑ፣ የካንሰር ሐኪምዎ ሳያውቅ እንክብሉን እንዳይነኩት። እንደ ምግብ የሚበላው ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የምንሠራው? እኔ ስሞክረው ይሸታል።

ጥሬውን በፍጹም አትብሉ። ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያደርግ ነገር አለበት፣ የሚጠፋው በደንብ ሲበስል ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ቸኩዬ ሳይበስል አውጥቼ ልጄን ሌሊቱን ሙሉ ሆዱን አሞታል። ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ማታ እዘፈዝፈዋለሁ። ጠዋት ፍሬው በእጥፍ አብጦ ይገኛል። በእጄ አሸት አሸት ሳደርገው ገለባው ይላቀቅና ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ውኃውን ደፍቼ በአዲስ ውኃ እጥዳለሁ። ነጭ አረፋ ይገነፍላል፣ በጭልፋ እየገፈፍኩ እጥላለሁ። ያ የጥሬ ባቄላ የመሰለ ሽታ እስኪጠፋ ይፈላል። ፍሬውን በጣቴ ስጫነው እንደ ቅቤ ከተጨፈለቀ ደርሷል። ለሽሮ ከሆነ ደረቁን በቀስታ እሳት ቆልቼ፣ ከክኬ አራት እጅ ላይ አንድ እጅ እጨምርና ከቅመሙ ጋር ወፍጮ ቤት እልከዋለሁ። ከዚያ ካለፈ ይመራል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አኩሪ አተሩ የሚጠቅመው የሆነ ነገር ተክቶ ሲገባ ነው። ከጥብሱ ቦታ፣ ከቦምቦሊኖው ቦታ። በዚያው ላይ ሲደረብ ካሎሪ ነው የሚጨምረው።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ወፍራም ናት። ሰሞኑን ድስት ጥዳ ትረሳለች። አኩሪ አተር ልጀምርላት? (ከሁሉም በኋላ ብቻውን የቀረ ወጣት)

ወንድሜ፣ ሽሮዋ ውስጥ ይግባ፣ አይጎዳትም። ግን በእሱ ጊዜ አትግደል። መርሳት የሚያመጡ፣ በሕክምና የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ ድባቴ፣ የምትወስደው መድኃኒት። ግፊቷና ስኳሯም ይታይ። ጆሮዋም ይመርመር፣ ያልሰማችውን እንደረሳች እየቆጠራችሁ ሊሆን ይችላል። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዘህ ሰኞ ጠዋት ውሰዳት። ማታ ማታ ደግሞ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ እጇን ይዘህ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ውጤቱ ሲመጣ አምጣልኝ፣ አብረን እናየዋለን።