«ፊድል» አለኝ፤ ሌባ ማለቱ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሊድስ ከተማ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ። ባለፈው የገንዘብ መሳቢያው አልከፈት ብሎኝ ቁልፎቹን ስጫጫን አለቃዬ «ስቶፕ ፊድሊንግ ዊዝ ዘ ቲል» አለኝ። ማታ ስልኬ ላይ ባየው አንዱ ትርጉም ቫዮሊን መጫወት፣ ሌላው ማጭበርበር ይላል። እንቅልፍ አጣሁ። ሌባ ነሽ እያለኝ ነው?
ካሸሯ፣ ከሊድስ

መልስ፦ ኧረ ተረጋጊ እህቴ! «መነካካቱን ተይው» ነው ያለሽ። ያዳነችሽ «ዊዝ» የምትለዋ ናት። «ፊድል ዊዝ» ከተባለ እቃ መነካካት፣ መጎርጎር ነው። ስብሰባ ላይ የእስክሪብቶ ክዳን ሲከፍት ሲዘጋ የሚውል ሰው አታውቂም? እሱ ነው። «ዊዝ» ወጥታ «ፊድሊንግ ዘ ቲል» ቢልሽ ኖሮ ግን፣ አዎ፣ ያኔ መደንገጥ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከመሣሪያው ነው። ፊድል (ፊደል እንዳትይው አደራ!) ያው ቫዮሊን ነው፤ የባህል ዘፈን ሲጫወቱበት ነው በዚህ ስም የሚጠሩት። የኛን ማሲንቆም ለፈረንጅ ሲያስረዱ «ባለ አንድ ክር ፊድል» ይሉታል። የተጫዋቹን ጣቶች እዪአቸው፤ አንድ ቦታ አያርፉም። መነካካቱ ከዚያ መጣ።

ቃሉን ለማጭበርበር መጠቀም የሚወዱት እንግሊዞች ናቸው። አሜሪካ ብትሆኚ ብዙም አትሰሚውም። ባንክ የዘረፈ ሰው ፊድል አደረገ አይባልም። በ20 ፓውንድ ታክሲ ሄዶ የ40 ደረሰኝ ያወራረደ ግን ይባላል። እንዲህ እየቆነጣጠረ የሚኖረውን «ኦን ዘ ፊድል» ነው ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የፓርላማ አባላቱ የወጪ ሂሳብ ጉድ ሲፈነዳ ይቺ ቃል ከአፍ አልወረደችም ነበር።

የሮም ንጉሠ ነገሥት ኔሮ ከተማዋ ስትቃጠል ፊድል ይጫወት ነበር ሲሉም ትሰሚያለሽ። ቤቱ እየነደደ በማይረባ ነገር ለሚጠመድ ሰው ነው የሚተርቱት። ታሪኩ ግን ውሃ አያነሳም። እሳቱ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ64 ነው፤ ቫዮሊን ደግሞ ጣሊያን ውስጥ ብቅ ያለው በ16ኛው ክፍለ ዘመን። የሮም ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ እንደጻፈው እሳቱ ሲነሳ ኔሮ ከተማው ውስጥም አልነበረም፤ አንቲየም የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነበር።

መሳቢያው ዳግመኛ ካስቸገረሽ ለአለቃሽ «ኢትስ ኤ ቢት ፊድሊ» በይው። ለእጅ የማይመች፣ የሚያስቸግር ነው ማለት ነው። ሠራተኛ ይጠራልሻል።