የማይቆም ሚዛን፦ ስለ ኬሚካዊና አዮናዊ ሚዛን የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ዙር የመረጥኳቸው ጥያቄዎች፣ በክፍል ውስጥ ኢኩሊብሪየም እየተባለ የሚጠራውን ኬሚካዊ ሚዛን የሚመለከቱ ናቸው። ከጥያቄዎቹ እንደተረዳሁት ብዙ ተማሪዎች «ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ወደ ግራ ያዘነብላል» የሚለውን ሕግ በቃላቸው ይዘውታል፤ ለምን እንደሚያዘነብል ግን የነገራቸው ሰው ያለ አይመስልም። ስለዚህ በመልሶቼ ከሕጉ ይልቅ ምክንያቱን ለማስቀደም ሞክሬያለሁ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሚዛን ላይ በደረሰ አጸግብሮት ምንም ለውጥ አይታይም። ታዲያ መምህራችን «አልቆመም» የሚሉት በምን ማስረጃ ነው? ሚዛን ማለትስ የሁለቱ ወገን መጠን እኩል ሆነ ማለት አይደለም?

መልስ፦ ማስረጃው እጅግ የምወደው ሙከራ ነው። ሊድ አዮዳይድ የተባለው ቢጫ ጨው ውሃው መያዝ እስከሚችለው ድረስ ሟሙቶ፣ የተረፈው ከሥር ዘቅጧል እንበል። በዚህ ላይ አዮዲኑ ጨረር አመንጪ የሆነ ጥቂት ጠጣር ሊድ አዮዳይድ ቢጨመርበት፣ የሟሟው ጨው መጠን ሳይለወጥ ጨረሩ ከጊዜ በኋላ በውሃው ውስጥም ይገኛል። ይህ ሊሆን የሚችለው አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) ከጠጣሩ እየወጡ ወደ ውሃው ሲገቡ፣ ሌሎች ደግሞ በዚያው ፍጥነት ከውሃው ወደ ጠጣሩ ሲመለሱ ብቻ ነው። እኩል የሆነው እንግዲህ የመሄጃውና የመመለሻው ፍጥነት እንጂ መጠኑ አይደለም። ሲልቨር ክሎራይድ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው 2 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ከሥሩ አንድ ኪሎ ጠጣር ቢኖርም ይህ መጠን አይለወጥም።

ጥያቄ፦ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ተዋሕደው አሞኒያ ሲሆኑ ሙቀት ይወጣል። ሚዛን ሲነካ ለውጡን ወደሚቀንሰው ወገን ያዘነብላል በሚለው የሌ ሻተልዬ ሕግ መሠረት ማቀዝቀዝ አሞኒያውን የሚያበዛ ከሆነ፣ ፋብሪካዎች ለምን ከ400 ዲግሪ በላይ ያሞቁታል? ደግሞስ አርጎን ጋዝ ቢጨመርበት ግፊቱ ስለሚጨምር አሞኒያው ይበዛል?

መልስ፦ እዚህ ላይ «እስከ የት ይደርሳል?» እና «በምን ያህል ጊዜ ይደርሳል?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። የሚዛን ቋሚው ቁጥር፣ ማለትም በሚዛን ላይ ምርቶቹ ከመነሻዎቹ ጋር ያላቸው ቋሚ ውድር፣ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በክፍል ሙቀት ቋሚው ቁጥር ለአሞኒያ እጅግ የሚያደላ ቢሆንም፣ ሁለቱን የናይትሮጅን አተሞች ያጣመረው ሦስት እጥፍ ትስስር በጣም ጠንካራ ስለሆነ አጸግብሮቱ ፈቀቅ አይልም። ስለዚህ መሐንዲሶች ከምርቱ ድርሻ ከፊሉን አጥተው ፍጥነትን ይገዛሉ፤ ያጡትንም በሌላ መንገድ ይክሳሉ። አራት የጋዝ ሞለኪውሎች ወደ ሁለት ስለሚቀንሱ ከ150 እስከ 250 አትሞስፌር የሚደርስ ግፊት አሞኒያውን ያበዛል። አጸግብሮቱን የሚያፋጥነው የብረት ካታሊስት ግን መሄጃውንም መመለሻውንም እኩል ስለሚያፋጥን፣ ወደ ሚዛን በቶሎ ያደርሳል እንጂ ሚዛኑን አያንቀሳቅስም።

ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር ይህን በ1909 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቤተ ሙከራ አሳየ፤ በ1913 ደግሞ ኦፓው በተባለችው የጀርመን ከተማ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። የአሠራሩ ትልቁ ብልሃት ለእኔ ከግፊቱ ይልቅ ምርቱን የማውጣቱ ዘዴ ነው። ጋዙ ካታሊስቱን አንድ ጊዜ ሲያልፍ ወደ አሞኒያ የሚለወጠው ከመቶ 15 ገደማ ብቻ ነው፤ አሞኒያው ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሆኖ ይወጣና ያልተለወጠው ጋዝ እንደገና ይመለሳል። በአገራችን ማሳ ላይ የሚበተነው ዩሪያ መነሻውም ይኸው አሞኒያ ነው።

ስለ አርጎኑ፦ ጋዙን የያዘው ዕቃ ስፋት (ቮልዩም) ካልተለወጠ ምንም አይፈጠርም። ጠቅላላው ግፊት ቢጨምርም በአጸግብሮቱ የሚሳተፉት የሦስቱ ጋዞች የየራሳቸው ግፊት እንደነበረ ነው።

ጥያቄ፦ አቼቶ በውሃ ሲቀጥን አሲድነቱ ይቀንሳል፤ መጽሐፉ ግን ሲቀጥን ይበልጥ ወደ አዮን ይለያያል ይላል። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት ይሆናሉ?

መልስ፦ አንዱ ስለ ድርሻ፣ ሌላው በአንድ ሊትር ውስጥ ስላለው መጠን ስለሚናገር ነው። በአንድ ሊትር 0.1 ሞል (ሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የአቼቶው አሲድ፣ ሲኖር ወደ አዮን የሚለያየው ከመቶ 1.3 ያህሉ ነው። አሥር እጥፍ ብናቀጥነው ሁሉም ለቅጽበት በአሥር ይከፈላል። ቋሚውን ቁጥር በሚሰጠው የሚዛኑ ክፍልፋይ ውስጥ ግን ከላይ ሁለት አዮኖች ተባዝተው፣ ከታች ያልተለያየው አሲድ ብቻውን ስላለ፣ የላይኛው ወደ መቶኛ፣ የታችኛው ወደ አሥረኛ ይወርዳል፤ ክፍልፋዩም 1.8 × 10⁻⁵ ከሆነው ቋሚ ቁጥር ወደ አንድ አሥረኛው ዝቅ ይላል። ይህ ጉድለት እስኪሞላ ተጨማሪ ሞለኪውሎች ስለሚለያዩ ድርሻው 4.1 ከመቶ ገደማ ይደርሳል። ነገር ግን ይህ ድርሻ የተወሰደው በአሥር ከተከፈለ አሲድ ነው፤ ስለዚህ ፒኤቹ (ባነሰ ቁጥር አሲድነት መበርታቱን የሚያሳየው መለኪያ) ከ2.9 ወደ 3.4 ከፍ ይላል፣ አሲድነቱም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ንጹሕ ውሃ 60 ዲግሪ ላይ ፒኤቹ 6.5 ይሆናል ይባላል። አሲድ ሆነ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሙቀት ሲጨምር ውሃ ወደ ሃይድሮጅንና ሃይድሮክሳይድ አዮኖች ይበልጥ ይለያያል፤ ሁለቱ ግን ምንጊዜም እኩል ስለሆኑ ውሃው ገለልተኛ ነው። 7 የገለልተኛነት ምልክት የሚሆነው በ25 ዲግሪ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ነው። የልጆቻችን ጥርስ እየበለዘ ነው፤ በጉድጓድ ውሃችን ፍሎራይድ እንደበዛም ተነግሮናል። ካልሲየም ያነሰው ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል መባሉ እውነት ነው? ማፍላቱስ ይረዳል?

መልስ፦ ከደረሱኝ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ጥያቄ ነው። የተባለው እውነት ነው። ካልሲየምና ፍሎራይድ ሲገናኙ ካልሲየም ፍሎራይድ ሆነው ይዘቅጣሉ፤ በሞል በሊትር ሲለካ የካልሲየሙ ክምችት በፍሎራይዱ ክምችት ካሬ ሲባዛ በ25 ዲግሪ ከ3.9 × 10⁻¹¹ ማለፍ አይችልም። በአንድ ሊትር 40 ሚሊግራም ካልሲየም ካለ፣ ሊሟሟ የሚችለው ፍሎራይድ በግምት 3.7 ሚሊግራም ነው። ካልሲየሙ ወደ 4 ሚሊግራም ቢወርድ የፍሎራይዱ ጣሪያ ወደ 12 ሚሊግራም ገደማ ከፍ ይላል። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይዱ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ዐለት ነው፤ ውሃው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ ካልሲየሙ ከካርቦኔት ጋር ተዋሕዶ እንደ ኖራ ድንጋይ ይዘቅጣል። ፍሎራይዱን ይዞ ሊዘቅጥ የሚችለው አዮን በሌላ ሚዛን ተጠልፎ ይቀራል ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ እንዲያውም ይበዛል። ከከብት አጥንት የተዘጋጀ ከሰል ፍሎራይድን ከውሃ የመያዝ ችሎታ አለው፤ ሆኖም ሲጠግብ መሥራቱን ስለሚያቆም በየጊዜው መለወጥ አለበት፣ ውሃውም መለካት አለበት። በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናብ ውሃም ፍሎራይዱ እጅግ አነስተኛ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርስ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ስለሆነ፣ ያላችሁ ፍሎራይዱ ያነሰ ውሃ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ከስምንት ዓመት በታች ላሉት ልጆች መጠጥና ምግብ ማብሰያ ይቅደም።